ስድስት ሆነው ገቡ፦ በአንድ አጥር ውስጥ የአጋዘን መንጋ የግማሽ ምዕተ ዓመት ጉዳይ

በዲሴምበር 1933 በደቡብ ምሥራቅ ሚሺጋን፣ ፒንክኒ ከምትባል ትንሽ ከተማ አቅራቢያ፣ ሰዎች ጎን ለጎን ተሰልፈው አንድ የታጠረ መሬት ከዳር እስከ ዳር አሰሱ። የመጡት ለአደን ሳይሆን ለቆጠራ ነበር። ከፊታቸው ተነሥቶ የሚሮጠውን፣ በመካከላቸው ሾልኮ ወደ ኋላ የሚያመልጠውን አጋዘን እያንዳንዱ በየበኩሉ ቆጠረ። ሲደመር 160 ሆነ። በ1928 ወደዚያ አጥር የገቡት ግን ስድስት ብቻ ነበሩ፤ ሁለት ወንድና አራት ሴት። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

የአደን መሬት ያለው፣ ወይም እንዲህ ያለ መሬት የሚያስተዳድር ሰው አንድ ጉዳይ ብቻ ለማጥናት ጊዜ ቢኖረው ይህን እንዲያነብ እመኛለሁ። የጆርጅ ጥብቅ መሬት ይባላል። በዓለም ላይ እንደዚህ መንጋ ረጅም ዘመን፣ እንስሳ በእንስሳ የተመዘገቡ አጋዘኖች ጥቂት ናቸው።

መሬቱና ባለቤቱ

ኮሎኔል ኤድዊን ጆርጅ የዲትሮይት ነጋዴ ነበሩ። በ1920ዎቹ መገባደጃ ከፒንክኒ አጠገብ አፈሩ የደከመ የእርሻ መሬት ገዛዝተው አንድ ላይ አደረጉት። የጥንት የበረዶ ግግር እያረሰ፣ እየቆለለ ትቶት የሄደ መሬት ነው፤ ጉብታና ስርጉድ፣ ረግረግና ኩሬ፣ በደረቁ ላይ የኦክ ደን፣ እርሻው በተተወበት ደግሞ ሣር። ከዚህ ውስጥ 464 ሄክታሩን አጋዘን ሊዘለው በማይችል ከፍ ያለ አጥር አጠሩት። በእኛ የድሮ ልክ ወደ አሥራ አንድ ተኩል ጋሻ ይሆናል። ከዚያም ስድስቱን አጋዘኖች አስገቡ። በ1930 መሬቱን ለሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ በስጦታ ሰጡ፤ የግል የዱር እንስሳት ማቆያ የነበረው ቦታ የጥናት ቦታ ሆነ።

በዚያ ዘመን በደቡብ ሚሺጋን አጋዘን ብርቅ ነበር። ደኑ ለእርሻ ተመንጥሮ፣ እንስሳው ለገበያ ታድኖ አልቆ ነበር። ስለዚህ ባለቤቱ ስድስት አጋዘን ይዘው ሲጀምሩ ያሰቡት እንዲበዙ ብቻ ቢሆን አያስወቅሳቸውም። ስለ መብዛት እንጂ ከበዙ በኋላ ስለሚመጣው የሚጨነቅ ያኔ ብዙ አልነበረም።

ስለ ስሙ አንድ ነገር ላንሣ። በአገራችን የደጋ አጋዘን፣ የቆላ አጋዘን የምንላቸው የድኩላ ዘመዶች ናቸው፤ ቀንዳቸው አይረግፍም፣ ዕድሜ ልካቸውን ይዘውት ይኖራሉ። የሚሺጋኑ ባለ ነጭ ጅራት አጋዘን ዘሩ ሌላ ነው። ቀንድ የሚያወጣው ወንዱ ብቻ ነው፤ እሱም በየዓመቱ ጥሎ እንደገና ያበቅላል። በቨርጂኒያ፣ በሜሪላንድ ወይም በሚኒሶታ የምትኖሩ ሳታውቁት አትቀሩም፤ ማታ በመኪና መብራት ፊት ድንገት የሚቆመው፣ የተከላችሁትን ጎመን ሌሊት መጥቶ የሚበላው እሱ ነው። ሴቷ በኖቬምበር አካባቢ ተጠቅታ፣ ሁለት መቶ ቀን ያህል አርግዛ፣ በግንቦት መጨረሻና በሰኔ ትወልዳለች። ደህና የበላች ሴት አብዛኛውን ጊዜ መንታ ነው የምትወልደው።

ስድስት እንዴት 160 ይሆናል?

ቁጥሩን መጀመሪያ ስሰማ አላመንኩም ነበር፤ ወረቀትና እርሳስ አንሥቼ አሰላሁት። እንዲህ እናስብ፦ አራቱ ሴቶች አርግዘው ገቡ። እያንዳንዷ ሴት በየዓመቱ መንታ ትወልዳለች፣ ከግልገሎቹ ግማሹ ሴት ነው፣ የተወለደችው ሴት ደግሞ ሁለት ዓመት ሲሞላት መውለድ ትጀምራለች። አንድም እንስሳ አይሞትም። በ1928 የወሊድ ወቅት ሲያልፍ 14 ይሆናሉ። በቀጣዩ ዓመት 22፣ ከዚያ 38፣ ከዚያ 62፣ ከዚያ 102፣ በ1933 ደግሞ 166።

በሜዳው ላይ የተቆጠረው 160 ነው። እንግዲህ ወይ በስድስት የወሊድ ወቅት የሞተ የለም ማለት ነው፣ ወይም እኔ ያሰብኩት የወሊድ መጠን ከእውነታው ያንሳል። መልሱ ሁለተኛው ነው። መኖ በተትረፈረፈበት መሬት ላይ ሴቷ ግልገል ሁለት ዓመት አትጠብቅም። በሰኔ ተወልዳ በዚያው ዓመት መጸው ማብቂያ፣ ገና በስድስትና በሰባት ወሯ ታረግዛለች፤ አንደኛ ዓመቷን ስትደፍን እናት ትሆናለች። የሞተው ሞቶም መንጋው እንደዚያ የፈጠነው በዚህ ነው።

ለባለመሬት ዋናው ቁም ነገር ከቁጥሩ ይልቅ ፍጥነቱ ላይ ነው። ስድስቱ 38 እስኪሆኑ ሦስት የወሊድ ወቅት ፈጀ፤ በዚያን ጊዜ ማንም ሰው መሬቱን ቢጎበኝ «አጋዘን አለ፣ ግን ገና ነው» ብሎ ይመለሳል። ከዚያ በኋላ ባሉት ሦስት ወቅቶች ግን ከመቶ ሃያ በላይ ይጨመራል። ችግሩ ለዓይን በሚታይበት ቀን ቀድሞ መከላከል የሚቻልበት ጊዜ አልፏል።

ከቆጠራው በኋላ

160 አጋዘን በ464 ሄክታር ማለት በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ወደ 34 ነው። በደቡብ ሚሺጋን ተኩላ የለም፣ ጠፍቷል። አጥሩ ደግሞ መውጫ አይሰጥም፤ ክፍት መሬት ላይ ቢሆን ወጣት ወንዶች ይሰደዱ ነበር። እንስሳቱ እዚያው ተወልደው እዚያው ይግጣሉ። አጋዘን ደግሞ እንደ በግ ሣር ብቻ ነቅሎ አይጠግብም፤ በረዶ በሚጥልበት ክረምት ቀንበጥና እምቡጥ ይበላል፣ የዛፍ ችግኝ ይቆረጥማል። በዝቶ በቆየበት ደን የሚታወቅ ምልክት አለ፦ አጋዘን አንገቱን ዘርግቶ እስከሚደርስበት ከፍታ ድረስ ቅጠል አይኖርም፤ በመቀስ የተከረከመ ይመስላል። ትልልቆቹ ዛፎች ከላይ ለምለም ናቸው፣ ከሥር ግን ተተኪ የለም።

ዩኒቨርሲቲው መንጋውን በአደን መቀነስ ጀመረ። ነገሩ ግን ወዲያው አልተያዘም፤ በኋላ በተሠራው ስሌት መሠረት መንጋው በ1935 ወደ 222 ደርሶ ነበር። ያንን ካለፈ በኋላ ነው በየዓመቱ የሚገደለው በርትቶ ቁጥሩ ወደ ታች የወረደው።

እዚህ ላይ የዘመኑን ልማድ ማወቅ ያስፈልጋል። ሚሺጋን በ1921 ያወጣችው ሕግ አዳኝ ቀንዳም ወንድ ብቻ እንዲገድል የሚፈቅድ ነበር። ሕጉ ለወጣበት ጊዜ ትክክል ነበር። የኛም ገበሬ ቢሆን ይህን ሳይማር ያውቀዋል፤ ሥጋ ሲያስፈልገው ወይፈኑን ያርዳል እንጂ ጊደሯን አይነካም፤ መንጋ የሚበዛው በሴት ነው። አንድ ወንድ አጋዘን ብዙ ሴት ስለሚያጠቃ የወንዱ ግማሽ ቢገደል እንኳ በሚቀጥለው ሰኔ የሚወለደው ግልገል ቁጥር ብዙም አይቀንስም።

ታዲያ ዓላማው ማብዛት መሆኑ ሲቀርና መቀነስ ሲሆን ያው እውቀት ተገልብጦ መነበብ አለበት። ወንድ ብቻ እየገደሉ የአጋዘን መንጋ መቀነስ አይቻልም። አዳኙ ይህን መቀበል ይከብደዋል። ሴት እንስሳ ላይ መተኮስ ጭካኔ ይመስለዋል፣ አባቱ አላስተማረውም፣ ሕጉም ለዓመታት ከልክሎት ኖሯል። እኔም ስሜቱን አልንቀውም። ነገር ግን ከአጥሩ በስተጀርባ ምርጫው በመግደልና ባለመግደል መካከል አልነበረም። ሴቶቹ በጥይት ካልተቀነሱ በየካቲት ረኃብ ይቀነሳሉ፤ ረኃብ ደግሞ መጀመሪያ የሚወስደው ግልገሎቹን ነው፤ እስኪወስዳቸውም ችግኙን አስጨርሷል።

ሙታን የቆጠሯቸው ሕያዋን

ከዚህ ጉዳይ እኔን ከሁሉ ይበልጥ የሚማርከኝ የቆጠራው ነገር ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

ሰልፍ ሠርቶ መቁጠር ትክክለኛ ይመስላል። አጥር አለ፣ ሰው አለ፣ እንስሳው የትም አይሄድም። ሆኖም አጋዘን መደበቅ የሚችል ፍጥረት ነው፤ ረግረግ ውስጥ ተኝቶ ሰው በአጠገቡ ሲያልፍ የማይነሣ አለ፣ ሁለት ሰው አይተውት ሁለት ጊዜ የሚቆጠርም አለ። ስለዚህ የሰልፍ ቆጠራ ያለ ስሕተት አይሆንም፤ ስሕተቱም ከዓመት ዓመት አንድ ዓይነት አይደለም።

ዴል ማካላ የተባሉት የዱር እንስሳት ተመራማሪ ይህን መንጋ ለዓመታት አጥንተው በ1979 ውጤቱን አሳተሙ። የተጠቀሙበት መንገድ ለማንም ገበሬ ሊገባ የሚችል ነው። ከአጥሩ ውስጥ የሚወጣ አጋዘን በአብዛኛው የሚወጣው ተገድሎ ነው፤ የሞተውም ሲገኝ ይመዘገባል። የእያንዳንዱ ጥርስ ይታያል፤ የጥርስ አበቃቀልና ብላት ዕድሜውን ይናገራል። በ1950 የተገደለች የአራት ዓመት ተኩል ሴት ብትኖር፣ በ1946 ተወልዳለች ማለት ነው፤ እንግዲህ በ1946፣ በ1947፣ በ1948፣ በ1949 መጸው በሕይወት ነበረች። በአራቱም ዓመት መዝገብ ላይ አንድ አንድ ይጨመራል። ሁሉም አጋዘን እንዲህ ወደ ኋላ ሲቆጠር በየዓመቱ በሕይወት የነበረው መንጋ፣ ከነፆታውና ከነዕድሜው፣ እንደገና ይቆማል። 222 የሚለው የ1935 ቁጥር የመጣው ከዚህ ዓይነት ስሌት ነው።

የዘዴው ድካም ግልጽ ነው፤ የዛሬን መንጋ ለማወቅ ዛሬ በሕይወት ያሉት ሁሉ እስኪሞቱ መጠበቅ ይጠይቃል። ለትላንት ግን ወደር የለውም። እያንዳንዱን መንጋጋ ያስቀመጠ ሰው ከዓመታት በኋላ የቆጠራውን ስሕተት እንኳ ማረም ይችላል። መንጋጋውን ለውሻ የጣለ ሰው ግን የቀረው ትዝታ ብቻ ነው።

የትኛው መንጋ ነው ብዙ የሚሰጠው?

ከዚህ መዝገብ የወጣው ትልቁ ውጤት አዳኝ ከሚጠብቀው ተቃራኒ ነው። ያ መሬት፣ አደን ባይኖር፣ በዘላቂነት የሚሸከመው ወደ 176 አጋዘን እንደሆነ ተሰላ። በዚያ ቁጥር ላይ መንጋው ብዙ ነው፣ የሚጨመረው ግን ምንም ነው፤ የሚወለደው የሚሞተውን ብቻ ይተካል። ሴቶቹ ከስተዋል፣ ግልገል ሆኖ ማርገዝ ቀርቷል፣ ከሚወለደው ክረምትን የሚሻገረው ጥቂት ነው። በሌላ በኩል መንጋው በጣም ትንሽ ሲሆን እያንዳንዷ ሴት በደንብ ትወልዳለች፣ ነገር ግን ሴቶቹ ራሳቸው ጥቂት ናቸው።

በየዓመቱ ብዙ አጋዘን ሊወሰድ የሚቻለው በመካከል ነው። በጆርጅ መሬት ስሌት፣ ከአደን በኋላ ወደ 99 የሚሆኑ ሲቀሩ፣ በሚቀጥለው ዓመት 49 ያህል መውሰድና መንጋውን እዚያው ማቆየት ይቻላል። ሜዳው ላይ በሚታየው አጋዘን ብዛት የሚደሰት ባለመሬት 170ውን ይዞ ይኮራል፤ መሬቱ ግን የሚሰጠው ጥቂት ነው። ጎረቤቱ 99 ይዞ፣ «አለቀብህ» እየተባለ፣ በየዓመቱ 49 ያወጣል።

ቀጥሎ ያለው ነጥብ ግን ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ ብዙ መንጋ የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው። በዓመት 30 አጋዘን ልውሰድ ያለ ሰው ያንን 30 ከሁለት ዓይነት መንጋ ሊያገኝ ይችላል። አንዱ ከትልቅና ከተጨናነቀ መንጋ ነው። እዚያ በአንድ ዓመት ተሳስቶ 40 ቢወስድ ምንም አይደል፤ ቦታ ስለተለቀቀላቸው የቀሩት ሴቶች በሚቀጥለው ዓመት ይበልጥ ያሳድጋሉ፣ ስሕተቱ ራሱን ያርማል። ሁለተኛው ከትንሽና ከወፈረ መንጋ ነው። እዚህ 10 ተጨማሪ መግደል በሚቀጥለው ዓመት የሚወለደውን ይቀንሳል፤ ባለቤቱም አሁንም «የተለመደውን 30» ካለ፣ ጉድጓዱ በየዓመቱ ይጠልቃል። የተገደለው ቁጥር ለሁለቱም አንድ ነው፤ የመንጋዎቹ ዕጣ ግን እንደ ሰማይና ምድር ይራራቃል። ስለዚህ «ስንት ልግደል?» ብሎ ለሚጠይቅ ባለመሬት መልሱ ሌላ ጥያቄ ነው፦ ከገደልክ በኋላ ስንት ይቀራል? ከሚቀሩት ስንቶቹ ሴት ናቸው? የሴቶቹ ሰውነትስ እንዴት ነው?

ሁለተኛው ጊዜ

ጥርጣሬ አልጠፋም ነበር። የመጀመሪያው ዕድገት አጋጣሚ ይሆን? ያኔ መሬቱ ከእርሻ ገና የወጣ፣ ቁጥቋጦ የሞላበት፣ አጋዘን ለረጅም ጊዜ ያልጋጠው ነበር። ከአርባ ዓመት በላይ አጋዘን ከኖረበት በኋላስ?

ማካላ ይህን በቃል ክርክር አላለፉትም። መንጋው ሆን ተብሎ በአደን ተቀነሰ፤ በ1975 አሥር ብቻ ቀሩ። ከዚያ አደኑ ቆመ። በ1980 በአጥሩ ውስጥ 212 አጋዘን ነበሩ።

ሌሎች ባለሙያዎች የዕድገቱ መጠን እንዴት እንደተሰላ ተከራክረውበታል። መጀመሪያ የነበሩት ስንቱ ሴት፣ ስንቱ ወጣት እንደሆነ ስሌቱን ይለውጠዋልና ክርክሩ ተገቢ ነው። ቢሆንም የክርክሩ ጉዳይ የፍጥነቱ ልክ እንጂ መፍጠኑ አይደለም። ይህ ውጤት በሁለት በኩል ይቆርጣል። መንጋው ጥቂት ቀርቶታል ብሎ ለሚሰጋ ሰው መጽናኛ ነው፤ መኖ እስካለና አደን እስከቆመ ድረስ አሥር እንኳ ይመለሳሉ። መንጋውን አንድ ጊዜ ቀንሼ ዐረፍኩ ለሚል ደግሞ ማስጠንቀቂያ ነው። ሦስት ዓመት እጅን አጣጥፎ መቀመጥ የአሥር ዓመት ሥራ ያፈርሳል።

አጥር ለሌለው ባለመሬት

ከዚህ ጉዳይ ቁጥሮቹን ቀድቶ ወደ ራሱ መሬት የሚወስድ ሰው ይሳሳታል። 99ም ሆነ 49 የዚያ አፈር፣ የዚያ ደን፣ የዚያ አጥር ቁጥሮች ናቸው። አብዛኛው የግል የአደን መሬት አጥር የለውም፤ ስፋቱም ብዙ ጊዜ ከዚህ ያንሳል። አጋዘን ሌሊት ከጎረቤት በቆሎ በልቶ ቀን በአንተ ጫካ ውስጥ ይተኛል። አንተ ሴት ስትቀንስ ጎረቤትህ የማይቀንስ ከሆነ ልፋትህ ግማሽ ነው፤ አንተ ያሳለፍከውን ወጣት ወንድ እሱ በአጥር ማዶ ሊገድለው ይችላል። ስለዚህ ክፍት መሬት ላይ የመጀመሪያው ሥራ ከጎረቤት ጋር ቁጭ ብሎ መነጋገር ነው፤ አካባቢው በአንድነት ካልተስማማ የአንድ ሰው ዕቅድ ብዙ አይራመድም።

መቀዳት ያለበት ዘዴው ነው። ከተገደለው ከእያንዳንዱ አጋዘን የታች መንጋጋውን አውጥቶ ቀንና ፆታ ጽፎ ማስቀመጥ። ሆድ ዕቃው ከወጣ በኋላ መመዘን፣ በየዓመቱ በተመሳሳይ መንገድ። የሴቷን ጡት አይቶ ታጠባ እንደነበር መመዝገብ፤ ይህ ከሚመዘገበው ሁሉ ይበልጥ ርካሽ ነው፣ ብዙም ይናገራል። አንድ ዓመት ተኩል የሆኑት እንስሳት ክብደት ከዓመት ዓመት እየወረደ ከሄደ፣ ግልገል ይዘው የሚታዩ ሴቶች እየቀነሱ ከሄዱ፣ ሜዳው ላይ የቱንም ያህል አጋዘን ቢታይ መንጋው ከመሬቱ በላይ ነው። ከዚያ ወደ ደኑ ገብቶ ጎንበስ ማለት። ችግኝ ካለ፣ ጫፉ ተበልቶ እንደሆነ ማየት። ብዙ ወጪ የማይጠይቅ አንድ ነገርም አለ፦ ከመሬቱ ላይ ጥቂት ካሬ ሜትር በሽቦ አጥሮ አጋዘን እንዳይገባበት ማድረግና በሁለተኛውና በሦስተኛው ዓመት በሽቦው ውስጥና ውጭ የበቀለውን ማወዳደር። ስለ መንጋ ብዛት ከአዳኞች ጋር ብዙ ሰዓት የሚከራከር ሰው አንድ ቀን እነሱን ወደዚያች ሽቦ ወስዶ ቢያቆማቸው ክርክሩ ያጥርለታል። ምክንያቱም እዚያ የሚታየው ከአጋዘን ቁጥር ይልቅ የበሉት ነው፤ በአንድ በኩል የኦክ ችግኝ እስከ ወገብ ደርሶ፣ በሌላው በኩል ሣርና እርቃኑን የቀረ አፈር።